ከማናውቀው ጓዳ የሚመጣ ኮድ፦ ስለ ሶፍትዌር ጥገኝነትና ስለ ራስ የፓኬጅ ማከማቻ



ይህን ርዕስ የመረጥሁት ራሴ ስለ ተሳሳትሁበት ነው። በዘርፋችን ስለ ስልተ ቀመር ብዙ እንናገራለን፤ ፕሮግራሞቻችን የቆሙባቸውን የሌሎች ሰዎች ሥራዎች ግን በአንዲት የትእዛዝ መስመር ጠርተን፣ ከየት እንደ መጡ ሳንጠይቅ እንቀበላለን። የተጠራው ፓኬጅ እርሱ የሚፈልጋቸውን፣ እነዚያም በተራቸው የሚፈልጓቸውን አስከትሎ ይመጣል። ጥገኝነት የምንለው ይህ ሰንሰለት ነው።

የሰንሰለቱ ቅጥነት በአደባባይ የታየው እ.ኤ.አ. በማርች 2016 ነበር። ሌፍት-ፓድ የተባለችው ፓኬጅ ጽሑፍን በግራ በኩል ከመሙላት በቀር ሌላ ሥራ አልነበራትም፤ ርዝመቷም 11 መስመር ነበር። ደራሲዋ በሌላ ፓኬጅ ስም ምክንያት ክርክር ገጥሞት ሥራዎቹን በሙሉ ከኤንፒኤም ሲያነሣ፣ እንደ ባቤል ያሉ ታላላቅ መሣሪያዎች መጫን አቃታቸው። ኤንፒኤም በሰዓታት ውስጥ መለሳት። 11 መስመር መጻፍ ያቃተው ባለሙያ ማን ነው ብሎ መሣቅ ይቀላል፤ ነገር ግን ከተጎዱት ብዙዎቹ ስሟን እንኳ ሰምተው አያውቁም ነበር።

ወደ እኛ ልመለስ። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ በሀገራችን ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲቋረጥ፣ በላቦራቶሪያችን ሥራው ቆመ። ኮዱ በእጃችን ነበር፤ ኮምፒውተሮቹም ደኅና ነበሩ። አንድ ተማሪ ግን የተበላሸ ኮምፒውተሩን ከቀየረ በኋላ ኑምፓይን የሚጭንበት መንገድ አጣ። መስመሩ ሲመለስ በአንድ አሮጌ ሰርቨር ላይ የራሳችንን ማከማቻ አቆምሁ፤ የውስጥ ላይብረሪዎቻችንንም እዚያው አኖርሁ። ለፒፕም ከፓይፒአይ በተጨማሪ የእኛን አድራሻ በ«ኤክስትራ ኢንዴክስ» መንገድ ሰጠሁት።

ስሕተቴ እዚህ ላይ ነው። «ተጨማሪ» የሚለውን ቃል የእኛ ይቀደማል ብዬ ተረድቼው ነበር። ፒፕ ግን ቅድሚያ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ሁለቱን ማከማቻዎች እኩል ተመልክቶ ከፍተኛውን የስሪት ቁጥር ይመርጣል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 አሌክስ ቢርሳን የተባለ የደኅንነት ተመራማሪ፣ የኩባንያዎችን የውስጥ ፓኬጅ ስሞች በይፋዊ ማከማቻዎች ላይ በማስመዝገብ ብቻ አፕልንና ማይክሮሶፍትን ጨምሮ ከ35 በላይ ድርጅቶች ውስጥ ኮዱን ማስኬድ መቻሉን ገለጸ። ያን ባነበብሁበት ምሽት የላይብረሪዎቻችንን ስሞች አንድ በአንድ በፓይፒአይ ፈለግሁ። አንዱንም የያዘው ሰው አልነበረም። ማንም ሰው ከየትም ሆኖ ከእኛ ስም ጋር 99 የሚል የስሪት ቁጥር ቢያስመዘግብ፣ በማግስቱ ጠዋት ኮዱ የምርምር መረጃዎቻችን ባሉበት ማሽን ላይ ይሮጥ ነበር።

ይህ ነገር የእኔን መሰል ጀማሪዎች ብቻ የሚያጠቃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 ከ25 እስከ 30 ባሉት ቀናት የፓይቶርችን ዕለታዊ የሙከራ ስሪት በሊኑክስ ላይ በፒፕ የጫኑ ሰዎች፣ ቶርችትራይተን በተባለ ተመሳሳይ ስም ከፓይፒአይ የመጣ አጥፊ ፓኬጅ ደርሷቸዋል።

መፍትሔው ለደንበኛው አንድ አድራሻ ብቻ መስጠት ነው፤ የውጭውን ማከማቻ የሚያነጋግረው የእኛው ሰርቨር ይሁን። ዴቭፒ የተባለው መሣሪያ ይህን ያደርጋል፤ አንድ ስም በውስጥ ማከማቻው ካለ፣ እኛ በግልጽ ካልፈቀድን በቀር ያንኑ ስም ከፓይፒአይ አያመጣም። በዴብያን ዘንድም ኤፒቲ ለእያንዳንዱ ማከማቻ የቅድሚያ ቁጥር እንድንሰጥ ይፈቅዳል። ከዚህ ጋር የእያንዳንዱን ፋይል የሻ-256 አሻራ መዝግቦ መያዝ ያስፈልጋል።

አሻራው ግን የሚመሰክረው ትናንት የተቀበልነው ፋይል ዛሬም ያው መሆኑን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በኤክስዜድ ውስጥ የተደበቀው የጓሮ በር የገባው በሕጋዊ ጠባቂነት ሥልጣን በተለቀቀ ስሪት ነበር። የተገኘውም አንድ መሐንዲስ የኤስኤስኤች መግቢያ በግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱን ታዝቦ በመጠየቁ ነው። ለዚህ ዓይነቱ የትእዛዝ መስመር የለኝም።

የእኛ ማከማቻ ዛሬም በዚያው አሮጌ ሰርቨር ላይ ነው። የይለፍ ቃሉን የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነን፤ አንዱ በመጪው ሰኔ ይመረቃል። ከእናንተ መካከል ሊረከብ የሚፈልግ ካለ ከጥያቄዎቹ በኋላ ያነጋግረኝ።