ከመኪና የተነቀለ የውሃ ፓምፕ በኤሌክትሪክ ሲዞር

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘዞ የመንገድ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወጣውም ሆነ ወደ መተማ የሚወርደው መኪና በደጇ ያልፋል። መኪና ባለበት ጋራዥ አለ፤ ጋራዥ ባለበትም የተነቀለ የውሃ ፓምፕ፣ የራዲያተር ፋን ሞተርና የተጣለ ፑሌጃ አይጠፋም። የአካባቢው ገበሬ ደግሞ በበጋ የሚጨነቀው ስለ ውሃ ነው። ስለዚህ አንድ የእጅ ሙያ ያለው ወጣት «ይኼን ፓምፕ በኤሌክትሪክ ቢያዞሩት ሽንኩርት አያጠጣም?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው የሚናቅ አይደለም።

ነገሩ የሚጠነክረው የካቲትና መጋቢት ላይ ነው። ሽንኩርቱ ራስ በሚይዝበት ጊዜ ውሃ ከተቋረጠበት ምርቱ ይቀንሳል፤ ዘሩና ማዳበሪያው በብድር የተወሰደ ከሆነ ግን ዕዳው አይቀንስም። በ2014 ዓ.ም. ክረምት የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ መነሳት ከጀመረ ወዲህ፣ በቤንዚን ሞተር የሚያጠጣ ሰው የነዳጁን ወጪ ከሽንኩርቱ ዋጋ ጋር እያስተያየ ያድራል።

የመኪና ውሃ ፓምፕ ሥራው ሞተሩን ማቀዝቀዝ ነው። ውስጡ ባለ ክንፍ መዘውር አለ፤ ቺንጋ ፑሌጃውን ሲያዞረው መዘውሩ ውሃውን ከራዲያተር ወስዶ በሞተሩ አካል ውስጥ ያዘዋውረዋል። ሞተሩ ሲፈጥን ፓምፑም ይፈጥናል፣ ሲዘገይም ይዘገያል። የመኪና ሠሪዎች ይህን ጉድለት አይተው ፓምፑን ከቺንጋ ማላቀቅ ጀምረዋል። ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ሞተር፣ ቶዮታ ደግሞ በ2009 በወጣው ፕሪየስ ላይ የውሃ ፓምፑ በኤሌክትሪክ እንዲሠራ አድርገዋል። ስለዚህ ሐሳቡ የተሞከረ እንጂ ቅዠት አይደለም። ልዩነቱ እነርሱ ፓምፑን ለዚያው ሥራ መሥራታቸው ነው፤ እዚህ ግን ውሃ ሊያዘዋውር የተሠራውን ዕቃ ውሃ ሽቅብ እንዲያወጣ መጠየቅ ነው።

መጀመሪያ የሚያጋጥመው ችግር የፓምፑ ጀርባ ነው። ብዙው የመኪና ፓምፕ በስተኋላው ክፍት ነው፤ ቀሪውን ግማሽ ቤት የሚሠራለት የሞተሩ አካል ነው። ሲነቀል ግማሽ ቤት ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ወፍራም ላሜራ ተቆርጦ፣ መግቢያና መውጫ ቱቦ ተበይዶበት፣ ጓርኒሲዮን ተደርጎለት በቡሎን መታሰር አለበት። በመዘውሩና በላሜራው መካከል ያለው ክፍተት ከሰፋ ውሃው እዚያው ይሽከረከራል እንጂ ወደ ቱቦው አይሄድም። ቶርኖ ቤት የሚያስኬደው ይህ ሥራ ነው፤ በመዶሻና በመጋዝ ብቻ የሚገፋ አይደለም።

ፓምፑን ከሞተሩ ጋር ለማያያዝ ሁለት መንገድ አለ። የመኪናው ፓምፕ ኩሽኔታ የቺንጋ ጉተታ እንዲችል ሆኖ የተሠራ ስለሆነ ቺንጋ ይስማማዋል፤ የሚያስፈልገው ከአንግል ብረት የተበየደ መቀመጫና ቺንጋውን ለማጥበቅ የሚንሸራተት ቀዳዳ ነው። ፊት ለፊት ለማያያዝ ከተፈለገ ደግሞ ሁለቱ ዘንጎች አንድ መስመር ላይ መዋል አለባቸው። ትንሽ ቢዛነፉ እንኳ ኩሽኔታው እንዳይበላ በመካከላቸው ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ ይገባል። በየትኛውም መንገድ ቢሆን የሚዞረው ነገር መከለያ ይደረግለት። የጋቢ ጫፍ ቺንጋ ውስጥ ከገባ ጋቢው ብቻ ተይዞ አይቀርም።

ስለ ፍጥነት ልብ በሉ። በአገራችን መብራት የሚሠራ ሞተር እንደ ዓይነቱ በደቂቃ 1,450 ወይም 2,900 ገደማ ይዞራል። የፓምፕ ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ የሚሰጠው ውሃ በግማሽ ይቀንሳል፣ የሚያወጣበት ከፍታ ግን ወደ ሩብ ይወርዳል። ብዙ ሰው ዘገምተኛውን ሞተር አስሮ «ፓምፑ ተበላሽቷል» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ተበላሽቶ ሳይሆን ፑሌጃው ትንሽ ወይም ትልቅ ሆኖበት ነው።

ሌላው ከፍታ ነው። ፓምፕ ውሃን ከታች የሚስበው በአየር ግፊት ነው። በባሕር ወለል ላይ ይህ ግፊት ውሃን ቢበዛ ወደ 10 ሜትር ያነሳል። አዘዞ ወደ 2,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳስቶ ወሰኑ ወደ 8 ሜትር ይወርዳል፤ በተግባር ደግሞ ከ5 እና 6 ሜትር በላይ ማሰብ ድካም ነው። ስለዚህ ፓምፑ ወደ ውሃው ይጠጋ፣ ግፊቱ ወደ ላይ ይሁን። የመኪና ፓምፕ ደግሞ ራሱን በውሃ አይሞላም፤ ሳይሞላ ቢነሳ ውሃ የሚከለክለው ሲል በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል። ይህ ሲል የለመደው ንጹሕ ውሃ ነው። የመገጭን የክረምት ጭቃ አይችለውም።

ኤሌክትሪኩ ከየት ይምጣ? አንዳንዱ ሞቶሪኖ ያስባል። ሞቶሪኖ ለጥቂት ሴኮንድ የተሠራ ጉልበተኛ ነው፤ ለሰዓታት ቢያዞሩት ራሱንም ባትሪውንም ይጨርሳል። የራዲያተር ፋን ሞተር ይሻላል፤ ነገር ግን የሚያቀዝቅዘው የራሱ ፋን ስለሆነ ፋኑ ሲነቀል መሞቁ አይቀርም። 150 ዋት የሚወስድ ሞተር እንዲህ ካለው ፓምፕ ጋር፣ ከጉልበቱ አምስተኛው ውሃው ላይ ቢደርስ፣ በ3 ሜትር ከፍታ በሴኮንድ 1 ሊትር ገደማ ይሰጣል። የአንድ ጥማድ ማሳ፣ ማለትም የሩብ ሄክታር ሽንኩርት፣ በበጋ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ውሃ ቢፈልግ 12,500 ሊትር ነው። በቦይ የሚሰርገው ሲታከልበት እጥፍ ይሆናል፤ ለዚህ 7 ሰዓት ማዞር ያስፈልጋል። 70 አምፒር ሰዓት የሚይዝ የመኪና ባትሪ ግን እስከ ግማሹ ብቻ ቢጠቀሙበት ከ3 ሰዓት በታች ነው የሚቆየው። ለችግኝ መደብና ለጓሮ ጎመን ይበቃል። ለጥማድ አይበቃም።

ከዚህ ሒሳብ የሚወጣው ፍርድ ይህ ነው፦ ከመኪናው ፓምፕ ይልቅ ሞተሩ የሞተበትን የመስኖ ፓምፕ ማየት ይሻላል። በየቤቱ ጥግ የተጣለ ባለ 2 ኢንች የቤንዚን ፓምፕ ብዙ ጊዜ የሞተው ሞተሩ እንጂ የውሃው ክፍል አይደለም። ያ ክፍል ሙሉ ቤት አለው፣ ውሃ ሽቅብ ለመግፋትም የተሠራ ነው። ቅድም የተነገረው መቀመጫ፣ ቺንጋና መከለያ ለእርሱም ያገለግላል። በ6 ሜትር ከፍታ በሴኮንድ 3.5 ሊትር ለመግፋት፣ ከሚበላው ኃይል 4 አሥረኛው ውሃ ላይ ቢደርስ፣ 500 ዋት ገደማ ይበቃል፤ የቱቦው ፍትጊያ ሲታሰብ ባለ 1 ፈረስ ጉልበት ሞተር ማለት ነው። ያን 25,000 ሊትር በ2 ሰዓት ያደርሳል፤ የሚቆጥረውም አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ቢሆን ትንሽ ቢያልፍ ነው።

የመብራት መስመር ጫፍ ላይ ያለ ገበሬ ግን ይጠንቀቅ። ረጅምና ቀጭን ገመድ ጉልበቱን መንገድ ላይ ይበላዋል፤ ሞተሩም እያቃሰተ ይሞቃል። ሞተሩ ከእርጥብ መሬት ከፍ ብሎ በጥላ ይቀመጥ፤ ብሬከርና የመሬት ሽቦ ሳይኖረው 220 ቮልት ጉድጓድ አፍ ላይ አይወሰድ። እግሩ ውሃ ውስጥ ላለ ሰው ሁለተኛ ዕድል የለም። ከመኪና የመጣ ፓምፕ ከሆነ ደግሞ ውስጡ የቀረው የራዲያተር ፈሳሽ መርዝ ስለሆነ፣ ከብት ከሚጠጣበት ቦይ ርቆ ደጋግሞ ይታጠብ።

ለአመራር አካላት የሚቀርበው ጥያቄ የቆጣሪ ነው። በደንቢያ በኩል የጣናን ውሃ በፓምፕ ስቦ ከ4,000 ሄክታር በላይ ለማልማት የታቀደው የመገጭ ሰራባ ፕሮጀክት የመንግሥት እጅ ይፈልጋል። ባለ 1 ፈረስ ጉልበት ሞተር ግን የሚፈልገው አንድ ምሰሶና አንድ ቆጣሪ ነው። ቆጣሪው በአንድ አባል ስም ከወጣ በተራ የሚያጠጡት ሌሎች አባላት ሒሳብ ክርክር ይሆናል፤ በማኅበሩ ስም ቢወጣ፣ ተራውና የሰዓቱ ክፍያ በመዝገብ ቢያዝ፣ ጥገናውም ከዚያው ቢሸፈን ይቀላል። ማመልከቻው መገባት ያለበት ደግሞ መጋቢት ላይ ውሃው ሲቀንስ ሳይሆን ጥቅምት ላይ፣ ችግኙ ገና መደብ ላይ ሳለ ነው።