የልብ ናጡር

(በእሑድ ጉባኤ ለእኅቶች የቀረበ ንግግር፣ ቤይሩት)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

እኔ ሰባኪ አይደለሁም። እንደ እናንተው ሰው ቤት እየሠራሁ የማድር ነኝ፤ ቤይሩት ከገባሁ አሥራ ሦስት ዓመት አልፎኛል። ባለፈው ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ቡና ስንጠጣ ያወራሁትን የሰሙ እኅቶች "ይህንን ለሁሉም ካልነገርሽ" ብለው ስለያዙኝ ነው ዛሬ እዚህ የቆምኩት። ድምፄ ቢንቀጠቀጥ ታገሡኝ። የምናገረው በራሴ ላይ የደረሰውን ነው፤ ያጠፋሁትንም አልደብቅም።

የሕንፃችንን ናጡር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በር ላይ ወንበሩን አውጥቶ ሻይ የሚጠጣው ዘበኛ ማለቴ ነው። ጋዝ ተሸካሚው ሲመጣ፣ ውኃ አመላላሹ ሲመጣ፣ "ማን ነህ? ወደ ማን ነው?" ሳይል አያስገባም። እኛንም ቆሻሻ ልንጥል ስንወርድ ይጠይቀናል። በዚህ ስንት ጊዜ በሆዴ ረግሜዋለሁ! አንድ ጊዜ ግን የእኛ ናጡር ለበዓል አገሩ ሄደና በሩ ላይ ሰው አልነበረም። በዚያው ሳምንት የሦስተኛ ፎቅ ሰዎች የመብራት ባትሪያቸው ተሰረቀ። በር አልተሰበረም። ሌባው በቀትር፣ በደረጃው፣ ያገኘውን ሰው ሰላም እያለ ነው ወጥቶ የወረደው።

የእኔም ልብ እንደዚያ ሳምንት ሕንፃ ነበረ። የቤቱ ቁልፍ በማዳም እጅ ነው፤ ወጥቼ መግባቴን የምትወስነው እሷ ናት። የልቤ በር ግን ለእኔ የተተወ ነበር። ይህንን በር ነው ያለ ጠባቂ የተውኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፈረንጆች 2019 መጨረሻ ባንኮቹ የሰውን ዶላር ሲይዙ፣ ሊራውም መውደቅ ሲጀምር ታስታውሳላችሁ። ደሞዜ 200 ዶላር ነበረ። ማዳም "ዶላር ማፊ" አለችኝ፤ "ቡክራ፣ ቡክራ" እያለች አምስት ወር ሄደ። ልጄ ወሎ ውስጥ ከታላቅ እኅቴ ከእታለም ጋር ነበረች፤ ያን ጊዜ አሥር ዓመቷ ነው። እታለም "የልጅቷ ደብተርና ጫማ" ብላ ትደውላለች፤ እኔ የምልከው የለኝም። መጀመሪያ አፈርኩ፣ ቀጥሎ መናደድ ጀመርኩ። ለማዳም መቆጣት ስለማልችል ቁጣዬ ባሕር ተሻግሮ ወደ እኅቴ ሄደ። ይህ እንዴት እንደሚሆን የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ማደሪያዬ ከኩሽናው ጀርባ፣ አልጋዬና የልብስ ማጠቢያው ብቻ የሚችሉባት ክፍል ናት። ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ ስልኬን ከፍቼ እተኛለሁ። አንድ ሌሊት "አዋቂ ነኝ" የሚል ሰው በቀጥታ ስርጭት ሲያወራ አገኘሁ። መስቀል በእጁ ይዟል፣ ከኋላው የእመቤታችን ሥዕል አለ። ይህንን የምነግራችሁ ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በሁለተኛው መልእክቱ ያስጠነቀቀውን እንድታስቡ ነው፤ ክፉ ነገር ሁልጊዜ ጥቁር ለብሶ አይመጣም። ጥቁር ለብሶ ቢመጣ እኔም ባልከፈትኩለት።

ከታች ጻፍኩለት። ለብቻዬ ደወለልኝ። "ዓረብ አገር ነሽ፣ ደሞዝሽ ተይዟል፣ አንዲት ሴት ልጅ አለችሽ፣ ልጅሽን የያዘችው ሴት በቅርብ የምትወለድሽ ናት" አለኝ። ሰውነቴ ቀዘቀዘ። "ገንዘብሽ የታሰረው፣ ዕድልሽ የተዘጋው በእሷ እጅ ነው። የተቀበረ ነገር አለ" አለኝ። ለማስፈቻው 150 ዶላር ጠየቀ። እኔ የሌለኝን ከጓደኛ ተበድሬ፣ አንድ እሑድ ዶራ ወርጄ ላክሁ። ከወር በኋላ ሌላ 100 ጨመርኩ።

ገንዘቡ አይቆጨኝም፤ እርሱ ይሠራል፣ ይተካል። እኔ ግን ለእታለም መደወል አቆምኩ። ስትደውል አላነሳም። ቀጥሎ አጎታችን ልጅቷን ከእሷ ቤት እንዲወስዳት አዘዝኩ። በትምህርት መሐል፣ ከለመደችው ቤት፣ ከለመደችው ጎረቤት ነቅለው ወሰዷት። እታለም በር ላይ ቆማ "ምን አጠፋሁ?" ብላ አለቀሰች አሉ። ይህንን ስሰማ ልቤ አዘነ? አላዘነም። "ተነቃባት" አልኩ። ክፉ ሐሳብ ልብ ውስጥ ሲያድር ዓይንን እንዲህ ነው የሚገለብጠው፤ የንጹሕ ሰው እንባ ማስረጃ ሆኖ ይታያል።

አሥራ አንድ ወር እንዲህ ኖርኩ። ከዚያ በዐቢይ ጾም ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። የሄድኩት ንስሐ ልገባ አልነበረም፣ የእኅቴን መተት እንዲያፈርሱልኝ ነው። አባ ዝም ብለው ሰሙኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ "ልጄ፣ ይህ ነገር ወደ ልብሽ ሲገባ ማን ነህ፣ ከወዴት መጣህ ብለሽ ጠይቀሽዋል?"

አልጠየቅሁም። አንድም ቀን።

ያን ጊዜ ስለ አባ እንጦንስ ነገሩኝ። የአባ እንጦንስን ሕይወት የጻፈው ቅዱስ አትናቴዎስ ነው፤ ለእኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ጳጳስ አድርጎ የሾመልን ያው የእስክንድርያው አትናቴዎስ። አባ እንጦንስ በግብፅ በረሃ የፈረሰ ምሽግ ውስጥ በሩን ዘግቶ ሃያ ዓመት ያህል ብቻውን ኖረ። የእርሱን መዘጋት ከእኛ ጋር አላስተካክልም፤ እርሱ ወዶ ነው የተዘጋው። ብቻውን የሆነ ሰው ልብ ላይ ምን እንደሚመጣ ግን ከእርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ለደቀ መዛሙርቱ ያስተማረው ይህንን ነው፦ ራእይም ይሁን ድምፅ ሲመጣባችሁ አትደንግጡ፣ በድፍረት ማንነቱንና የመጣበትን ጠይቁት። ከእግዚአብሔር የሆነ ጥያቄ አይፈራም፣ ፍርሃታችሁን ወደ ደስታ ይለውጠዋል። ከክፉው የሆነ ግን ሲጠየቅ ይደክማል። ኢያሱም በኢያሪኮ አጠገብ ሰይፍ የመዘዘ ሰው ፊቱ ቆሞ ሲያይ መጀመሪያ ያደረገው መጠየቅ ነው። የእኛ ወገን ነህ ወይስ የጠላት? ይህ በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 5 ላይ አለ። ሐዋርያው ዮሐንስም በመጀመሪያ መልእክቱ ምዕራፍ 4 ላይ መንፈስን ሁሉ በጭፍን እንዳናምን፣ እንድንመረምር አዝዞናል። ስለዚህ መጠየቅ የእምነት ጉድለት አይደለም።

"ታዲያ አባ፣ ስለ ልጄ እንዴት አወቀ?" አልኳቸው። አባ ፈገግ አሉ። አባ እንጦንስ ለዚህም መልስ ነበረው። አጋንንት የሚመጣውን የሚናገሩት ስለሚያውቁት አይደለም፤ መንገድ የጀመረ ሰው ያዩና ፈጥነው ቀድመውት ደርሰው "እንግዳ ይመጣል" ይላሉ። የዓባይንም ሙላት ለግብፅ ሰዎች የሚናገሩት ወደፊት የሚሆነውን አውቀው አይደለም፤ በኢትዮጵያ ምድር ብዙ ዝናብ መዝነቡን አይተው ነው የሚሮጡት። ይህንን ስሰማ ሳቄ መጣ፤ የእኛ አገር ዝናብ በዚያ ዘመን በረሃ ላይ ምሳሌ ሆኖ ሲጠራ!

ቤት ገብቼ ስልኬን ከፈትኩና የራሴን ገጽ አየሁ። የልጄ ፎቶ አለ። ከእታለም ጋር ተቃቅፈው ያሉበትም አለ፤ ሥሩ ላይ በራሴ ጣት "ልጄን ለምታሳድግልኝ እኅቴ" ብዬ ጽፌያለሁ። በዚያው ሳምንት "ደሞዛችን የተያዘብን ስንት ነን?" ብዬ የጻፍኩትም ተቀምጧል። ሰውዬው የእኔን ዝናብ ከላይ አይቶ ጎርፉን ነገረኝ። ያስከፈለኝም የራሴን ወሬ መልሶ ለእኔው በመሸጥ ነው። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አሁን እንዴት እንደምጠብቅ ልንገራችሁ፤ ትልቅ ነገር አይደለም። አባ እንጦንስ ያስተማረው ሌላ ልማድ አለ። እያንዳንዱ ሰው ሐሳቡንና ሥራውን ለሌላ ሰው እንደሚናገር አድርጎ ይጻፈው ይላል፤ ሰው እንዳያውቅብን የምናፍረው ነገር ሲጻፍ ኃይሉን ያጣልና። እርሱ ራሱ ፊደል አልተማረም ነበር፤ ስለዚህ መጻፍ የማትችሉ እኅቶች አትሸማቀቁ፣ ለምታምኗት እኅት በቃል ንገሯት። እኔ ትንሽ ደብተር ከትራሴ ሥር አለችኝ። ማታ "ዛሬ ማን መጣ?" ብዬ እጽፋለሁ። "ሁሉም ረስተውሻል" የሚል መጣ። ከወዴት? ቤተሰቦቼ ኔትወርክ ጠፍቶባቸው ሳይደውሉ ከዋሉበት። "ማዳም ሆን ብላ ነው ያዋረደችኝ" የሚል መጣ። ይህኛው እውነት ነበረ፣ ግን አብሮት ሌላ አስከትሎ ሊገባ ሲል ያዝኩት፤ "ቡናዋ ላይ ምራቅሽን ጨምሪበት" የሚል። አትሳቁ፤ መጥቶባችሁ ያውቃል። እውነተኛውን አስገብቼ ተከታዩን በስመ አብ ብዬ መለስኩት። ከዚያ ዳዊቴን እደግማለሁ። ሙሉውን ማድረስ የማልችል ከሆነ መዝሙር 90ን ብቻ ደግሜ እተኛለሁ። ስልኩ ኩሽና ይቀራል። በጣም የሚከብደኝ ይሄ የስልኩ ነገር ነው፤ አሁንም አንዳንድ ሌሊት እሸነፋለሁ።

አንድ እንግዳ ግን ብቻችሁን በር ላይ ቆማችሁ አትከራከሩት። በረንዳውን እያሳየ "እዚያ ዕረፍት አለ" የሚለውን ማለቴ ነው። ስንቶቻችን እንደሰማነው እናውቃለን፣ ስለማናወራው ነው። ነቢዩ ኤልያስም ደክሞት ከዛፍ ሥር ተኝቶ ሞቱን ለምኗል፤ በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 19 ላይ አለ። እግዚአብሔር አልገሠጸውም። መልአክ ልኮ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፣ ተኛ፣ ዳግመኛ ቀስቅሶ አበላው። ስብከቱ ከምግቡና ከእንቅልፉ በኋላ ነው የመጣው። ስለዚህ ያ ሐሳብ ሲመጣ ያን ሰዓት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓትም ቢሆን፣ ለአንዳችን ደውሉ። ከበረንዳው ራቁ፣ የሚበላ ነገር ቅመሱ፣ ስልኩን አትዝጉ። ሐኪም የሚያስፈልገው ከሆነ አብረን ሐኪም እንፈልጋለን፤ ጸበልና መድኃኒት አይጣሉም።

ደግሞም ይህን ሁሉ ተናግሬ እንዳታሳስቱኝ። የሚመታ እጅ የክፉ ሐሳብ ጉዳይ አይደለም፣ የተያዘ ደሞዝም በዳዊት ብቻ የሚያልፍ ፈተና አይደለም። "ሐሳብሽን ጠብቂ" ብሎ በደልን የሚያስችል ሰው ቢኖር እርሱንም ማን ነህ፣ ከወዴት መጣህ በሉት። የእኔን የአምስት ወር ደሞዝ ያገኘሁት ጸልዬም፣ ጠይቄም፣ ለአባ ነግሬ እርሳቸው ማዳምን አነጋግረዋት ነው። እሱም ሦስቱን ወር ብቻ፣ በሊራ።

ለእታለም የደወልኩት በዚያው በትንሣኤ ማግሥት ነው። የምናገረውን በደብተሬ ጽፌ ነበረ። አንድ ቃል ሳልናገር አነሳችና "በሕይወት አለሽ?" አለች። ስለ ልጅ አላነሳችም፣ ስለ መተቱ አልጠየቀችም። ሁሉን ነገርኳት። ረጅም ዝም አለች። ከዚያ "ለእኔ ብትነግሪኝ መቶ ሃምሳውን ዶላር ለጣሪያው እናደርገው ነበር" አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን፣ ቀጥሎ አለቀስን።

ልጄ ወደ እሷ ተመልሳለች። ያቋረጠችው ዓመት ግን ተቆርጦ ቀረ፤ አብረዋት የተማሩት ዛሬ አንድ ክፍል ይቀድሟታል። አንድ ቀን "እማ፣ ያኔ ለምን ወሰዱኝ?" ብላ ጠየቀችኝ። "ስትመጪ ትነግሪኛለሽ" አለች ዝም ስላት። በደብተሬ ላይ መልሱን መጻፍ ጀምሬያለሁ፤ እስካሁን ከአንድ ገጽ አላለፈም።

ዛሬ ማዳም የፈቀደችልኝ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት ለእታለም መደወል አለብኝ፤ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስልኩን ይዛ ትጠብቀኛለች። ደብተር ያልገዛችሁ እኅቶች ከቡናው ጠረጴዛ አጠገብ ጥቂት አስቀምጫለሁ፤ አንድ አንድ ውሰዱ።