የሕፃናት ማቆያ ስፍራ በከተማ ፕላን ውስጥ

(በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ለከተማው ነዋሪዎችና ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች የተደረገ ንግግር)



የከተማችን የአካባቢ ልማት ፕላን ረቂቅ ለሕዝብ አስተያየት በዚህ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ወዲህ ስለ መንገዱ ስፋትና ስለ ንግዱ ቦታ ብዙ ተነግሯል። ለመናኸሪያው፣ ለቄራው፣ ለገበያውና ለመካነ መቃብሩ የተለየው ቦታ በየቀለሙ ተመልክቷል። እኔ ዛሬ ላነጋግራችሁ የተነሣሁት በማናቸውም ቀለም ስላልተመለከተ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም እናት ወደ ሥራ በምትሄድበት ሰዓት ሕፃኗን አደራ የምትሰጥበት ስፍራ ነው።

አንዳንድ ወንድሞች «መዋዕለ ሕፃናት አለን አይደለም ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። መዋዕለ ሕፃናት ልጁን የሚቀበለው አራት ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ደግሞ ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ዕረፍት ከነደመወዟ ይፈቅድላታል። 90 ቀን ሦስት ወር ነው። ሐኪሞች ሕፃን እስከ ስድስት ወሩ ከእናቱ ጡት በቀር ሌላ እንዳይቀምስ ይመክራሉ። እንግዲህ ከሦስት ወሩ እስከ አራት ዓመቱ ድረስ ይህ ሕፃን የት ይውላል? ይህንንም የተናገርሁት ስለ ደመወዝተኛዪቱ ነው፤ በጉሊት ሽንኩርት የምትሸጠው፣ እንጀራ ጋግራ የምታከፋፍለው፣ በሕንፃ ሥራ ላይ አሸዋ የምትሸከመው ግን 90 ቀኑም የላትም።

መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሕፃኑን የምትይዘው ታላቅ እኅቱ ናት፤ እኅት ከሌለው ከገጠር የመጣች፣ ራሷ ገና ልጅ የሆነች ሞግዚት ናት። በልጅነቴ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት በሒሳብ ከሁላችን የምትበልጥ አንዲት ልጅ ነበረች። እናቷ የጉልበት ሥራ ስለ ነበረባት ታናሽ ወንድሟን አዝላ ትመጣ ነበር። መምህራችን ደግ ሰው ስለ ነበሩ በኋለኛው ወንበር ከበሩ አጠገብ እንድትቀመጥ ፈቀዱላት። ሕፃኑ ሲያለቅስ ትወጣለች፤ ሲተኛ ትመለሳለች። በመጀመሪያ በሳምንት አንድ ቀን ቀረች፤ ኋላ ሁለት ቀን፤ ከፋሲካ በኋላ ፈጽሞ አላየናትም። ማንም ሰው አልበደላትም፤ ማንም ከትምህርት ቤት አላባረራትም። እኔም በዚያ ዘመን ነገሩን እንደ ተፈጥሮ ሥርዓት አድርጌ ተቀብዬው ነበር። ስለ ሕፃናት ማቆያ ሲነሣ «ይህ የቢሮ ሴቶች ምቾት ነው» የሚል ቃል በሰማሁ ቁጥር የምትታየኝ ያች ልጅ ናት።

በአሮጌው ሰፈራችን አያትና ጎረቤት ልጅ ይጠብቁ እንደ ነበር አልክድም፤ ዛሬም የሚጠብቁ አሉ። ነገር ግን ሰው በአዲሱ ሰፈርና በጋራ መኖሪያ ቤቶች ሲሰፍር ያ ጉርብትና አብሮት አይዛወርም። በደርግ ዘመን ብዙ የከተማ ቀበሌዎች የራሳቸውን መዋዕለ ሕፃናት ከፍተው እንደ ነበር ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ፤ ስለዚህ አሳቡ ለሀገራችን እንግዳ አይደለም።

ሕጉም ዝም አላለም። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር። በህንድ አገር በ1948 እ.ኤ.አ. የወጣው የፋብሪካዎች ሕግ ብዙ ሴቶችን የሚያሠራ ፋብሪካ ሁሉ ማቆያ እንዲኖረው ያስገድድ ነበር፤ ቁጥሩም ከ50 በላይ የነበረው ኋላ ወደ 30 ዝቅ ተደርጎ ነበር። በጎረቤታችን በኬንያ የናይሮቢ ከተማ ምክር ቤት በ2017 እ.ኤ.አ. ስለ ሕፃናት ማቆያዎች ራሱን የቻለ ሕግ አውጥቷል። ይሁን እንጂ በመሥሪያ ቤት ቅጥር ውስጥ ያለ ማቆያ የዚያን መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ልጅ እንጂ የጉሊቷን ሴት ልጅ አይቀበልም። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀውን የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመልከቱ፤ ከሠራተኞቹ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። እነዚህ ወጣቶች ይወልዳሉ፤ የሚኖሩትም ከፓርኩ አጥር ውጭ በኪራይ ቤት ነው። ስለዚህ ነገሩ የአንድ ቅጥር ጉዳይ ሆኖ አይቀርም፤ የከተማ ፕላን ጉዳይ ነው።

«በጀት የለም» የሚለውን መልስ አስቀድሜ አውቀዋለሁ፤ እኔም የምሠራው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ነውና። ዘንድሮ ሕንፃ ይሠራልን አልልም። የምለምነው ቦታው በካርታው ላይ እንዲመለከት ብቻ ነው። ሕንፃ ከአምስት ዓመት በኋላም ይሠራል፤ መሬት ግን አንድ ጊዜ ከተሰጠ ለመኖሪያ ቤት የሊዝ ዘመኑ እስከ 99 ዓመት ይደርሳል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መንግሥት ወይም የበጎ አድራጎት ድርጅት ለሚያካሂደው የማኅበራዊ አገልግሎት ተቋም ቦታ ያለ ጨረታ በምደባ እንዲሰጥ በር ከፍቶ ነበር። ነገር ግን በፕላኑ ያልተለየ ቦታ በምደባ ሊጠየቅ አይችልም፤ ሲጠየቅም ከወንዙ ዳር የተረፈው ቁራጭ ይታያል።

የቦታውን ምርጫ በተመለከተ ጥቂት ላብራራ፤ ስሕተት የሚበዛው በዚህ ነውና። ርካሽ ነው ተብሎ በከተማው ዳር የተሠራ ማቆያ ባዶውን ይቀራል። እናት ሕፃኗን አዝላ፣ ዕቃዋን በእጇ ይዛ፣ ንጋት ላይ በእግሯ ነው የምትሄደው፤ ከመንገዷ ወጥታ ግማሽ ሰዓት አትጓዝም። ስለዚህ ማቆያው ከቤቷ ወደ ሥራዋ በምትሄድበት መንገድ ላይ መገኘት አለበት። የምታጠባም እናት በቀን ሁለት ጊዜ ደርሳ እንድትመለስ ከገበያው መራቅ የለበትም። ሆኖም ከዋናው የመኪና መንገድ፣ ከነዳጅ ማደያና ከወፍጮ ቤት አቧራ መራቅ ይገባዋል። በክረምት ጎርፍ የሚገባበት ቦታ አይሁን። ውኃ ያስፈልገዋል፤ ያለ ውኃ ማቆያ የተቅማጥ መናኸሪያ ይሆናል። ቤቱ ፎቅ የሌለው፣ ግቢው ሕፃናት የሚድኹበትና ዛፍ የሚተከልበት ይሁን። በእኔ ግምት ለ40 ሕፃናት 500 ካሬ ሜትር ይበቃል። ይህ በረቂቁ ላይ ለመኪና ማቆሚያ ከተለየው ያነሰ ነው፤ መኪና ማቆሚያውን የተቃወምሁ ግን አይምሰላችሁ።

በረቂቁ ላይ ለዚህ የሚሆኑ ሁለት ቦታዎች አይቻለሁ። አንደኛው ከገበያው በስተ ምሥራቅ ከጤና ጣቢያው አጥር ጋር የሚዋሰነው «ለወደፊት» ተብሎ በነጭ የተተወው ቦታ ነው። ሁለተኛው በአዲሱ የጋራ መኖሪያ ሰፈር ውስጥ ለጋራ መገልገያ የታሰበው ሕንፃ የምድር ክፍል ነው፤ ይህም ለሱቅ ኪራይ ከመዋሉ በፊት ሊወሰን ይገባል። ከእነዚህ የተሻለ የምታውቁ ካላችሁ እኔ የያዝሁትን ለመተው ዝግጁ ነኝ።

ፕላኑ ሳይጸድቅ የሕዝብ አሳብ እንዲደመጥ በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ደንግጎ ነበር፤ እኛም በዚሁ ሥርዓት ነው የተሰበሰብነው። የአስተያየት መዝገቡ በፕላን ክፍል በታችኛው ቢሮ ይገኛል። መጻፍ ለማትችል እናት ቃሏን ተቀብሎ የሚጽፍ ጸሐፊ ተቀምጧል። ቅዳሜ የገበያ ቀን ስለ ሆነ ቢሮው ለገበያተኞች ሲባል ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ክፍት ይሆናል፤ ሕፃን ይዛ የምትመጣም ሴት ተራ ሳትጠብቅ ትስተናገዳለች።