በፎቶግራፍ ውስጥ የተሰወረውን የከዋክብት ብርሃን ስለ መግለጥ



በትምህርት ቤታችን በዓል ላይ ስለ ከዋክብት ፎቶግራፍ ጥቂት ቃል እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ብዙ ሰዎች ያማረ የጋላክሲ ሥዕል ባዩ ጊዜ «ይህማ ኮምፒዩተር የቀባው ነው» ሲሉ እንሰማለን። ነገሩ እንደዚህ አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ ግን እንደዚህ ነው። የዛሬው ንግግሬም ሁለቱን ስለሚለየው ነገር ነው።

ለምሳሌ አንድሮሜዳ የሚባለውን ጋላክሲ እንውሰድ። ስሟን የሰጠችው ልዕልት በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት ይባላልና ስሙ ለእኛ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። ከእኛ የሚርቀው ሁለት ሚሊዮን ተኩል የብርሃን ዓመት ያህል ነው። የፋርሱ ሊቅ አል ሱፊ በአውሮጳ አቆጣጠር በ964 ዓ.ም. ገደማ እንደ ትንሽ ደመና አድርጎ ገልጾታል። በዓይን የሚታየው መካከሉ ብቻ ነውና እውነቱን ነው፤ የጋላክሲው ሙሉ ርዝመት ግን ስድስት ሙሉ ጨረቃ ጎን ለጎን ቢደረደር ያህላል። የቀረው ብርሃን ወደ ዓይናችን ሳይደርስ ቀርቶ አይደለም፤ ይደርሳል፤ ነገር ግን ደካማ ነው።

በካሜራም ዘንድ እንዲሁ ነው። ጥሩ ካሜራ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ያረፈውን ብርሃን ከ0 እስከ 16,383 በሚደርስ ቁጥር ይመዘግባል፤ ተራ የኮምፒዩተር ስክሪን ግን የሚያሳየው 256 ደረጃ ብቻ ነው። ደማቁ ኮከብ ከላይኛው ጫፍ ሲደርስ፣ የጋላክሲው ክንድ ከሰማዩ ጥቁረት የሚበልጠው በጥቂት ቁጥር ነው። ስለዚህ ፎቶግራፉ መጀመሪያ ሲከፈት በጥቁር ጨርቅ ላይ የተበተነ ነጭ ጤፍ ይመስላል።

ሲሪልና ጊምፕን የመሳሰሉ ያለ ዋጋ የሚገኙ ፕሮግራሞች የታችኞቹን ቁጥሮች እያራራቁ ከፍ ያደርጋሉ፤ የላይኞቹን ደግሞ ያጠጋጋሉ። ይህ መዘርጋት ይባላል። ልብ በሉ፤ የቁጥሮቹ ተራ አይለወጥም፤ ታናሹ ከታላቁ በታች እንደ ነበረ ይቀራል። ከሰማዩ ያልመጣ ነገር አልተጨመረም። ይልቁን ብዙ ጀማሪዎች ሰማዩን እንደ ከሰል ለማጥቆር ሲሉ የታችኞቹን ቁጥሮች ይቆርጧቸዋል፤ እነዚያ ቁጥሮች ግን የተፈለገው ብርሃን ራሱ ነበሩ።

ነገር ግን ብርሃኑ ሲነሣ ብናኙም አብሮ ይነሣል። ስለዚህ አንድ ፎቶግራፍ አይበቃም። አንድ መቶ ፎቶግራፍ ተነሥቶ አማካዩ ቢወሰድ ብርሃኑ እንዳለ ይቀራል፤ ብናኙ ግን ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል፤ የሚቀንሰው በፎቶግራፎቹ ቁጥር ካሬ ሥር ልክ ነውና። ከዚህም ጋር ሌንሱ ተከድኖ የሚነሣው ፎቶግራፍ የካሜራውን የራሱን ጉድፍ፣ ወጥ በሆነ ነጭ ብርሃን ላይ የሚነሣውም የአቧራውን ጥላ ለማስወገድ ይረዳል። ሥራው አሰልቺ ስለ ሆነ ብዙዎች ይዘሉታል፤ ከዚያ ጉድለቱን በቀለም ለመሸፈን ይሞክራሉ።

ይህ ጥበብ በኮምፒዩተር አልተጀመረም። በአውስትራሊያ ይሠራ የነበረው ዴቪድ ማሊን በጨለማ ክፍል ውስጥ በፎቶግራፍ ላይ ያለውን ደካማ ብርሃን ያጎላ ነበር፤ በዚሁ ዘዴ በ1986 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ከባልደረቦቹ ጋር ማሊን 1 የተባለውን እጅግ ሰፊ ጋላክሲ አገኘ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን በ2022 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የሆነው ነው። አንድሮሜዳ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ፎቶግራፍ ሲነሣ ኖሯል። በዚያ ዓመት ደመወዝ የማይከፈላቸው፣ ለፍቅሩ ብቻ የሚደክሙ ሰዎች የኦክሲጅንን ብርሃን ብቻ በሚያሳልፍ ማጣሪያ በብዙ ሌሊት ሲያነሡት በአጠገቡ ሰፊ የጋዝ ቅስት አዩ። አይተውም ወዲያው አላወጁም፤ በሌላ ቦታና በሌላ ቴሌስኮፕ የተነሣ ፎቶግራፍ እስኪመሰክርላቸው ጠበቁ። ቅስቱ ከአንድሮሜዳ ጋር ይሁን ወይስ በእኛው ጋላክሲ ውስጥ የሚገኝ ጋዝ፣ ሊቃውንት ተከራክረውበታል፤ መኖሩን ግን አልተጠራጠሩም።

ዛሬ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ ማጥሪያዎች አሉ። አንዳንዶቹ መልካም ሥራ ይሠራሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ከሌላ ሥዕል የተማሩትን መስመር በሌለበት ይስላሉ። በእኔ አስተያየት ይህ መግለጥ ሳይሆን መፍጠር ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፤ መቶውን ፎቶግራፍ ሃምሳ ሃምሳ አድርጎ ከፍሎ እያንዳንዱን ወገን ለብቻ መሥራት ነው። በሁለቱም የታየውን ተስፋ እናደርግበታለን፤ በአንዱ ብቻ የታየውን ግን እንተወዋለን።

በኅዳር ወር ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ አንድሮሜዳ በሰሜን በኩል ከፍ ብሎ ይቆማል። ከከተማ መብራት ራቅ ብሎ ስልኩን ባለሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አስሮ መቶ ጊዜ የሚያነሣ ተማሪ ቢያንስ መካከሉን ያገኛል፤ የቀረውን ደግሞ በትዕግሥት ይዘርጋው።