የቤዝ አምፕሊፋየር ሙቀትና የአየር መተላለፊያው
ለማኅበሩ አባሎች የቀረበ ንግግር



በሙዚቃ መሣሪያ ጥገና የሚተዳደር ባለሙያ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ይኸውም የቤዝ ጊታር አምፕሊፋየር የውጤት ትራንዚስተሮቹ ተቃጥለው ለጥገና ይመጣል፤ ትራንዚስተሮቹ ይለወጣሉ፤ መሣሪያው በጠረጴዛ ላይ ተፈትኖ በደንብ ይሠራል፤ ባለቤቱም ተደስቶ ይወስደዋል። ጥቂት ሳምንታት ቈይቶ ግን ያው መሣሪያ በዚያው ብልሽት ተመልሶ ይመጣል። ባለቤቱ ጠጋኙን ይጠራጠራል፥ ጠጋኙ ደግሞ መለዋወጫውን ይጠራጠራል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ከሁለቱም አይደለም፤ አምፕሊፋየሩ ከተቀመጠበት ሣጥን ነው። ክዳኑ ተከፍቶ በንጹሕ አየር የተፈተነው መሣሪያ፥ ማታ በሥራ ላይ ኋላው በተዘጋ ሣጥን ውስጥ የራሱን ሙቀት መልሶ እየሳበ ያድራል።

ይህ ሣጥን በተለምዶ ራክ የሚባለው ነው። የፊቱ ወርድ 19 ኢንች፥ ማለት 482.6 ሚሊ ሜትር ሲሆን፥ የእያንዳንዱ እርከን ቁመት 44.45 ሚሊ ሜትር ነው። ልኩ በዓለም ሁሉ አንድ በመሆኑ የማንኛውንም ፋብሪካ መሣሪያ ከሌላው ጋር ደርድሮ በብሎን ማሰር ይቻላል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ለማጓጓዝ ይመቻል፥ ሽቦው አይፈታም፥ መሣሪያው ከመጋጨት ይድናል። ነገር ግን ከመጋጨት የሚከላከለው ግድግዳ አየርንም የሚከለክል ግድግዳ ነው። ጉዳዩም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ መመልከት ያስፈልጋል። አምፕሊፋየር ከመብራት የሚወስደውን ኃይል ሁሉ ወደ ስፒከሩ አያስተላልፍም፤ ያላስተላለፈው በሙሉ ሙቀት ይሆናል። ብዙ ሰው ከፍተኛው ሙቀት የሚፈጠረው ድምፁ እስከ መጨረሻው ሲከፈት ይመስለዋል። ስሌቱ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። 400 ዋት የሚሰጥ፥ በክላስ ቢ ሕግ የሚሠራ አምፕሊፋየርን ለምሳሌ እንውሰድ። ንጹሕ የሳይን ሞገድ ተሰጥቶት በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ትራንዚስተሮቹ ላይ የሚቀረው ሙቀት ወደ 109 ዋት ነው። በ50 ዋት ብቻ፥ ማለት በኃይሉ አንድ ስምንተኛ ሲሠራ፥ ሙቀቱ ወደ 130 ዋት ይወጣል። ከሁሉ የሚከፋው በ160 ዋት ገደማ ሲሠራ ነው፤ ያን ጊዜ ለስፒከሩ የሚሰጠውን ያህል ሙቀት ይፈጥራል። በገበያ የሚገኘው የክላስ ኤቢ አምፕሊፋየር ደግሞ በዚህ ላይ የራሱን የዕረፍት ጊዜ ሙቀት ይጨምራል።

የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣው ደንብ የቤት አምፕሊፋየሮች ኃይላቸው ከመለካቱ በፊት ለአንድ ሰዓት በኃይላቸው አንድ ሦስተኛ እንዲሠሩ ማዘዙ ከዚሁ ጋር ይያያዛል፤ አንድ ሦስተኛው እጅግ ከሚሞቁበት ነጥብ አጠገብ ስለሆነ ነው። ደንቡ ለፋብሪካዎች ከባድ ስለ ነበረ ኋላ ወደ አንድ ስምንተኛ ዝቅ ተደርጓል። አንድ ስምንተኛው ለተራ ሙዚቃ ተስማሚ ግምት ነው። የቤዝ ጊታር ድምፅ ግን ረጅም ነው፤ በኮምፕሬሰር ሲታመቅ ወይም ሆን ተብሎ ሲጎረና አማካይ ኃይሉ ወደ አንድ ሦስተኛው ይጠጋል። ስለዚህ የቤዝ ተጫዋቹ አምፕሊፋየር ከሌሎቹ ይልቅ በአስቸጋሪው ክልል ይውላል። ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች በጎን ለጎን ሲገጠሙ 4 ኦም፥ አራት ሲገጠሙ 2 ኦም ይሆናሉ፤ በዚያው የድምፅ መጠን ላይ ኦሙ በግማሽ ሲቀንስ ከረንቱም ሙቀቱም ወደ እጥፍ ይጠጋሉ።

ሁለተኛው ነጥብ ሙቀቱ የሚወጣበት መንገድ ነው። ሙቀቱ ከትራንዚስተሩ እንብርት ወደ ልባሱ፥ ከልባሱ በማይካውና በሙቀት አስተላላፊው ቅባት አልፎ ሂት ሲንክ ወደሚባለው ክንፋም አልሙኒየም፥ ከዚያም ወደ አየር ይሄዳል። በእያንዳንዱ እርምጃ መሰናክል አለ፤ መሰናክሉም በዲግሪ ለአንድ ዋት ይለካል። ሂት ሲንኩ ለአንድ ዋት ግማሽ ዲግሪ የሚሞቅ ቢሆን፥ በ130 ዋት ከአካባቢው አየር 65 ዲግሪ ይበልጣል። ስምንት ትራንዚስተሮች ሙቀቱን ቢካፈሉት ለእያንዳንዱ 16 ዋት ገደማ ይደርሳል፤ በልባሱና በማይካው መካከል ባለው መሰናክል ምክንያት እንብርቱ ከሂት ሲንኩ 24 ዲግሪ ያህል ይበልጣል እንበል። ክፍሉ 25 ዲግሪ ሲሆን እንብርቱ 114 ዲግሪ ላይ ይቆማል። በተዘጋ ራክ ውስጥ አየሩ 50 ዲግሪ ሲደርስ ግን ያው እንብርት 139 ዲግሪ ይሆናል። የብዙዎቹ የፕላስቲክ ልባስ ትራንዚስተሮች የመጨረሻ ወሰን 150 ዲግሪ ነው። ይህ ሁሉ አማካይ ነው፤ አንድ ጠንካራ ምት የሚጨምረው ሙቀት ገና አልተቈጠረም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አየር ብቻ ነው፤ ትራንዚስተሩ ያው፥ ተጫዋቹም ያው ነው።

ሙቀት የሚጎዳው ትራንዚስተርን ብቻ አይደለም። የኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ዕድሜ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቍጥር በግማሽ ገደማ እንደሚያጥር በሙያው የታወቀ መመዘኛ ነው። ብልሽቱ ግን በዝግታ ስለሚመጣ ማንም ከሣጥኑ ጋር አያገናኘውም።

ታዲያ ምን ያህል አየር ያስፈልጋል? በባሕር ጠለል ላይ በሰዓት የሚያስፈልገው አየር በሜትር ኩብ ሲታሰብ፥ ሙቀቱን በዋት ወስዶ በሦስት ማባዛት፥ ከዚያ አየሩ እንዲሞቅ በተፈቀደለት ዲግሪ ማካፈል ነው። 200 ዋት ሙቀት ለማውጣትና አየሩ ከ10 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቅ ለማድረግ 60 ሜትር ኩብ በሰዓት ይበቃል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ አየሯም ስስ ነው፤ ክብደቱ ከባሕር ጠለሉ አየር ከመቶ 80 ያህሉ ብቻ ነው። በመሆኑም ለዚያው ሥራ 75 ሜትር ኩብ ገደማ ያሻል። «አገሩ ቀዝቃዛ ነውና አምፕሊፋየር አይሞቅም» የሚለው አስተያየት ግማሽ እውነት ነው፤ አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም የሚሸከመው ሙቀት ጥቂት ነው። እንደ ጋምቤላ ባለ ቈላ ደግሞ የመነሻው ሙቀት ራሱ ከፍ ያለ ስለሆነ የሚተርፈው ክልል ይጠባል።

ከውጭ አገር፥ በተለይም ከአሜሪካ የሚመጡ መሣሪያዎች ሌላ ችግር አላቸው። ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ መሣሪያ በኢትዮጵያ የ220 ቮልት መስመር ላይ በመቀነሻ ትራንስፎርመር ይገጠማል። መቀነሻው ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። 120 ቮልት በ50 ኸርዝ የሚሰጠው የኃይል ትራንስፎርመር በብረቱ ውስጥ ከመቶ 20 የበለጠ ማግኔታዊ ጭነት ይሸከማል፤ ስለዚህ ያለ ሙዚቃም ይሞቃል። ማራገቢያውም በቀጥታ በተለዋጭ ከረንት የሚዞር ከሆነ ፍጥነቱ ወደ አምስት ስድስተኛው፥ ማለት ከስድስት እጅ ወደ አምስት እጅ ዝቅ ይላል። ሙቀቱ ሲጨምር አየሩ ይቀንሳል ማለት ነው።

ወደ ተግባሩ ሲመጣ፥ የመጀመሪያው ጥያቄ አምፕሊፋየሩ የሚተነፍሰው እንዴት ነው የሚለው ነው። ማራገቢያ የሌለው መሣሪያ ሙቀቱ ራሱ ወደ ላይ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ከበላዩ አንድ እርከን ባዶ ትቶ ቀዳዳ ያለው የላሜራ ሽፋን ማድረግ፥ ከበታቹም ቀዝቃዛ አየር የሚገባበት መንገድ መተው ይገባል። ከፊት ስቦ ከኋላ የሚተፋ ማራገቢያ ያለው መሣሪያ ግን ሌላ ሥርዓት ይፈልጋል፤ ለዚህኛው በፊት በኩል የሚተው ክፍት ቦታ ጕዳት አለው፤ ከኋላ የወጣው ትኩስ አየር በዚያ ተመልሶ ወደ ፊት ይሳባልና። ስለዚህ ባዶው እርከን በላሜራ ይደፈን፤ ኋላው ግን ፈጽሞ ይከፈት። ከጎን የሚስብ መሣሪያ በራክ ግድግዳ አጠገብ ስለሚታፈን ሣጥኑ በጎኑ መበሳት አለበት፤ መሣሪያው ከሣጥኑ ሳይወጣ ግን አይበሳ፤ አንድ የብረት ፍቅፋቂ ወደ ውስጥ ቢገባ የሚያደርሰው ጥፋት ከሙቀቱ የከፋ ነው።

በአንድ ራክ ውስጥ ከፊት የሚስብና ከኋላ የሚስብ መሣሪያ ጎን ለጎን ሊቀመጡ አይገባም፤ የአንዱ ትፋት የሌላው ምግብ ይሆናል። ክብደት ያለው አምፕሊፋየር ከታች መሆኑ ለማጓጓዝ ግድ ነው፤ ሆኖም ከበላዩ የሚቀመጠው ፕሪአምፕ ሙቀቱን እንዳይቀበል መካከላቸው በቀዳዳ ላሜራ ይለይ።

ሣጥኑ የሚቆምበት ቦታም ይታሰብበት። በሠርግ ድንኳን ውስጥ ኋላው ከሸራው ጋር ተጣብቆ፥ ከሥሩ ምንጣፍ ወይም ቄጠማ ተነጥፎበት፥ በላዩ ካፖርት ተደርቦበት የሚሠራ ራክ የተለመደ ትርኢት ነው። ከሸራው አንድ ክንድ ማራቅና ከመሬት ከፍ ማድረግ ምንም ወጪ አይጠይቅም። አቧራ የያዘው የስፖንጅ ማጣሪያ በየጊዜው ካልታጠበ ባይኖር ይሻላል።

የሥራውን ውጤት ለማወቅ ሁለት ቴርሞሜትር ይበቃል። አንዱ ከክፍሉ አየር ላይ፥ ሌላው አምፕሊፋየሩ አየር ከሚስብበት አፍ ላይ ይደረግ። ሁለቱ ቢቀራረቡ መሣሪያው ንጹሕ አየር እየሳበ ነው፤ አፉ ላይ ያለው በብዙ ዲግሪ ቢበልጥ የራሱን ትኩስ አየር ይስባል። የአየሩ አካሄድ ደግሞ ከሣጥኑ ውጭ በተያዘ በጥቂት የዕጣን ጢስ በዓይን ይታያል። ፈተናው የአሥር ደቂቃ አይሁን፤ ከባድ አልሙኒየም ሙቀቱ እስኪረጋ ድረስ አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም. በቆየው የደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ በታወጀባቸው ዓመታት የአዲስ አበባ ባንዶች እንግዳው እስኪነጋ ስለማይወጣ ሌሊቱን ሙሉ ይጫወቱ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ያን የመሰለ ሥራ ለሚጠብቀው መሣሪያ የአጭር ጊዜ ፈተና ምስክር ሊሆን አይችልም።

በዛሬው ጊዜ ክላስ ዲ የተባሉት አምፕሊፋየሮች ተስፋፍተዋል። በከፍተኛ ኃይል ሲሠሩ ከመቶ 80 እስከ 90 የሚሆነውን ለስፒከሩ ስለሚያስተላልፉ ሙቀታቸው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ አካላቸው ትንሽ፥ ማራገቢያቸውም ትንሽ በመሆኑ አየሩ ቢዘጋ ቶሎ ይግላሉ። አምፔግ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1969 ለገበያ ያወጣው ባለ 300 ዋት የቫልቭ አምፕሊፋየር፥ ኤስ ቪ ቲ፥ ማራገቢያውን በውስጡ ይዞ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል፤ ሙቀት መውጫ መፈለጉ ግን አልተለወጠም።

በመጨረሻ ስለ ሙያው ኃላፊነት አንድ ነገር መነሣት አለበት። በሙቀት የሚያጠፋው ስዊች መሣሪያውን በየሰዓቱ ሲያቋርጠው፥ «ሥራ እያስፈታ ነው» ተብሎ በሽቦ የሚታለፍበት ጊዜ አለ። ፊውዙም በወፍራም ሽቦ ይተካል። ይህን ማድረግ ሕመሙን ትቶ ሕመምተኛውን ዝም ማሰኘት ነው፤ የሚከተለውም የተቃጠለ ስፒከር ወይም የተቃጠለ አዳራሽ ነው። ስዊቹ ያቋረጠው አየር ስለጎደለ ነውና መጨመር ያለበት አየሩ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ትራንዚስተር የለወጠ ባለሙያ ሥራውን የጨረሰው ገና በግማሽ ነው። መሣሪያውን ከማስረከቡ በፊት ባለቤቱ ራኩን ይዞት እንዲመጣ ይጠይቅ፤ ኋላውን ከፍቶ ይመልከት፤ ማራገቢያው የሚዞርበትን አቅጣጫ ይመርምር። የሙዚቀኛው የዕለት እንጀራ በዚያች ሣጥን ላይ ነው፤ በሠርጉ እኩሌታ ቤዙ ዝም ቢል ክፍያውን የሚያጣው፥ ስሙም የሚጎድለው እርሱ ነው። ሦስተኛ ጊዜ ለዚያው ብልሽት ከማስከፈል፥ በመጀመሪያው ቀን አንዲት ባለ ቀዳዳ ላሜራ መግጠም ለሙያው ክብር ይሻላል።