የአነስተኛ አገር የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ኃላፊነት፦ ከኬፕ ቬርዴ የሚገኝ ትምህርት

(ለዕርዳታና ለሰፈራ ሠራተኞች የተደረገ ንግግር፤ በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



በዕርዳታ ሥራ የተሰማራን ሰዎች ድርቅን ዘወትር የምንለካው በኩንታል ነው። ስንት ኩንታል እህል ወደብ ደረሰ፣ ስንቱ ተጓጓዘ፣ ስንቱ ታደለ እያልን እንጠይቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በድርቅ የተጎዳ ሕዝብ የሚያልቀው በረሃብ ብቻ ሳይሆን ረሃቡን ተከትለው በሚመጡት በኩፍኝ፣ በተቅማጥና በወባ ጭምር መሆኑን በመጠለያ ጣቢያ የሠራችሁ ሁሉ ታውቃላችሁ። ስለሆነም ዛሬ የምናገረው ስለ እህል ሳይሆን ስለ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተግባር ነው። በምሳሌነት የመረጥሁት አገር በስፋቱ ትንሽ ቢሆንም ድርቅንም ስደትንም አብዝቶ ያየ ነው።

ኬፕ ቬርዴ ከሴኔጋል ጠረፍ በስተምዕራብ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ የሚገኙ 10 ደሴቶች ሲሆኑ፣ ሰው የሚኖርባቸው 9ኙ ናቸው። ጠቅላላ ስፋታቸው 4,033 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ሕዝባቸውም ግማሽ ሚሊዮን ያህል ነው። ይህም ከደቡብ ወሎ ሕዝብ በብዙ ያነሰ ነው። በፖርቱጋል ቅኝ አገዛዝ ዘመን ከ1941 እስከ 1943 እና ከ1947 እስከ 1948 የደረሱት ረሃቦች በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፈጅተዋል። ከሞት ከተረፉትም ብዙዎቹ በኮንትራት ሠራተኛነት ወደ ሳኦ ቶሜ የካካዎ እርሻዎች ተጭነዋል። አገሪቱ ሐምሌ 5 ቀን 1975 ነጻ ስትወጣ የሳህልን ምድር ከ1968 ጀምሮ የመታው ድርቅ ገና አልለቀቃትም ነበር። አዲሱ መንግሥት በዕርዳታ የመጣውን እህል በነጻ በማደል ፈንታ በገበያ እየሸጠ፣ ከሽያጩ በሚገኘው ገንዘብ እርከን ለሚሠሩ፣ ውሃ ለሚገድቡና ችግኝ ለሚተክሉ ገበሬዎች ደመወዝ ይከፍል ነበር።

ወደ ጤናው ጉዳይ ስንመለስ ደግሞ ከ1950ዎቹ በፊት ወባ ዋና ዋናዎቹን ደሴቶች ሁሉ ያጠቃ ነበር። በተደራጀ የመድኃኒት ርጭት በሽታው በ1967 ጠፋ። ሆኖም ቁጥጥሩ ሲላላ ተመልሶ መጣ። በ1983 ለሁለተኛ ጊዜ ጠፋ፤ ቁጥጥሩ እንደገና ሲላላ እንደገና ተመለሰ። ወዳጆቼ፣ የንግግሬ ፍሬ ነገር ያለው በዚህ ላይ ነው። በሽታው የተመለሰው መድኃኒት ጠፍቶ ወይም ዘዴው ሳይታወቅ ቀርቶ አይደለም። በሽተኛ በማይታይበት ዓመት ለበሽታ መከላከያ በጀት መጠየቅ ከባድ ስለሆነ ነው። ሆስፒታል ሲሠራ ሁሉም ያየዋል፤ ያልታመመን ሰው ግን ማንም አይቆጥረውም። ያልታመመውን ሰው ቆጥሮ በመንግሥት ፊት የሚሟገትለት የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሊሆን ይገባል።

በ2007 አገሪቱ ወባን ፈጽሞ የማጥፋትን ዓላማ በብሔራዊ የጤና ፖሊሲዋ ውስጥ አስገባች። የበሽታ ምርመራው ተስፋፋ፤ በየቦታው የሚገኘው በሽተኛ ሁሉ መመዝገብ ያዘ፤ ከሌላ አገር ለሚመጡ መንገደኞችና ስደተኞችም ምርመራና ሕክምና በነጻ ተፈቀደ። ይህ የመጨረሻው እርምጃ ለእንግዳ ከተደረገ ቸርነት በላይ ነው። ገንዘብ የሌለው እንግዳ ሕመሙን ደብቆ ቢተኛ በማግሥቱ የምትነድፈው የወባ ትንኝ በሽታውን ለባለአገሩ ታሻግራለችና።

በ2017 ከ400 በላይ ሰዎች የታመሙበት ወረርሽኝ ተነሣ። ሚኒስቴሩ በዚህ ጊዜ ጉድለቱ የት እንደሆነ መርምሮ አሠራሩን አስተካከለ። ከ2018 መግቢያ ወዲህ በአገር ውስጥ የተላለፈ የወባ በሽታ ባለመገኘቱ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ጥር 12 ቀን 2024 ኬፕ ቬርዴን ከወባ ነጻ ብሎ መሰከረላት። በድርጅቱ የአፍሪካ ቀጠና ከሞሪሸስና ከአልጄሪያ ቀጥላ ሦስተኛዋ አገር ሆነች።

የደሴት ነገር ለእኛ ምን ይጠቅመናል የሚል ይኖር ይሆናል። እርግጥ ነው፣ ባሕር ለከበበው አገር ጥበቃው ይቀላል። ነገር ግን እዚያ ወባን የምታስተላልፈው የትንኝ ዓይነት በእኛም አገር ቀንደኛዋ አስተላላፊ ናት። በ1958 በኢትዮጵያ በተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ታምሞ 150 ሺህ ያህሉ እንደ ሞተ ተገምቷል። ከ1984 እስከ 1986 ደግሞ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ በሰፈራ ሲጓጓዝ፣ ወባን የማያውቀው የወሎ ደገኛ ወደ ምዕራቡ ቆላ ወርዶ ብዙው በትኩሳት ወድቋል። የደጋ ሰው ቆላ ሲወርድ ወባ እንደሚጠብቀው አስቀድሞ የማይታወቅ ነገር አልነበረም።

እንግዲህ ከዚህች ትንሽ አገር ሦስት ነገር እንማራለን።

አንደኛ፣ የጤና ጥበቃ ባለሙያ የሰፈራው ቦታ ከተመረጠ በኋላ የሚጠራ ሳይሆን ቦታውን ከሚመርጡት አንዱ ይሁን። መኪናው ከመነሣቱ በፊት ረግረጉ ይታይ፤ የነዋሪው ሕመም ይጠና።

ሁለተኛ፣ የበሽተኛ መዝገብ እንደ እህል መዝገብ ይጠበቅ። የጎደለ ኩንታል እንደሚያስጠይቅ ሁሉ ያልተመዘገበ ሕመምተኛም ያስጠይቅ።

ሦስተኛ፣ በሽታው ሲቀንስ ቁጥጥሩ አይቀንስ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እሳቱ በማይታይበት ሰዓት የሚሠራውን ሥራ አስበው ነው።

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦች፤ ኬፕ ቬርዴ ሀብታም አገር አይደለችም፤ ዝናቧም አስተማማኝ አይደለም። ድርቁን ልታስቀር አልቻለችም። ነገር ግን ሁለት ጊዜ ያመለጣትን ድል ሦስተኛ ጊዜ ይዛዋለች፤ እንዳያመልጣትም ዛሬም በጥበቃ ላይ ትገኛለች። ከቀዬው ተነቅሎ በእኛ እጅ የተሰጠው ገበሬ ከእኛ የሚጠብቀው ስንዴ ብቻ አይደለም፤ በሄደበት ምድር ልጆቹን ሳይቀብር መክረምንም ነው። ይህን ልናደርግለት እንችላለን፤ ስለዚህም ግዴታችን ነው።