የተገኘበት ይጻፍ

በደብረ ታቦሩ የምረቃ በዓል ላይ የክብር እንግዳው፣ አንጋፋ የሥነ ምድር መምህር፣ ለባለሥልጣናቱ አንዴ እጅ ነሥተው ወዲያው ወደ ተመራቂዎቹ ዞሩ። «እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ልጆቼ» አሉና ስለ ቀንድ አውጣ ጀመሩ።

በደብረ ታቦር አጠገብ ያለው ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ የሚዘልቅ የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው፤ የባሕር ቅርፊት አይገኝበትም። ወደ ደቡብ ተጉዞ በደጀን በኩል ወደ ዓባይ ሸለቆ የወረደ ሰው ግን የጥንት ባሕር የተወውን የኖራ ድንጋይ ያገኛል። መምህሩ በወጣትነታቸው እዚያ ሲሠሩ አንድ እረኛ ሾጣጣ ቅርፊት አመጣላቸው። ባልደረቦቻቸው «ኮነስ ነው!» ብለው ተደሰቱ። ኮነስ ዓሣ ሳይቀር በመርዝ የሚያድን የባሕር ቀንድ አውጣ ነው። እሳቸው ግን ልጁን «የት አገኘኸው?» አሉት። እረኛው እየመራ ገደሉ ሥር ወሰዳቸው፤ ቅርፊቱ የወጣበትን ንብርብር በጣቱ አሳያቸው። ክርክሩ እዚያው አለቀ። ንብርብሩ የጁራሲክ ዘመን ነው፣ ከ145 ሚሊዮን ዓመት በላይ የቆየ፤ ኮነስ ደግሞ ብቅ ያለው የዛሬ 55 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው።

ቅርፊቱ በእርግጥ ኮነስ ሲሆን ዝርያውን ለመለየት የትከሻው ስፋት፣ የጠምዛዛው አናት ከፍታ፣ የአፉ ጥበትና በላዩ ያሉት መስመሮች ይለካሉ። ቀለሙ ግን በዘመን ብዛት ይጠፋል። ተመራማሪው ጆናታን ሄንድሪክስ በ2015 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የተገኙ ነጫጭ የኮነስ ቅርፊቶችን በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያይ፣ ቀለም የነበረባቸው ነጠብጣቦችና መስመሮች አበሩ። 28 ዝርያዎች ለየ፤ 13ቱ ለሳይንስ አዲስ ነበሩ።

የጠፋ ቀለም እንዲህ ይገኛል፤ ያልተጻፈ ቦታ ግን አይገኝም። እንግዳው እዚህ ላይ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ስልካችሁ በፎቶ ተሞልቷል፤ የት እንደተነሣ የጻፈ ግን የለም!» ሲሉ ወቀሱ። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ወደ መቅደላ ባስጎተቱበት ዘመን፣ በ1868 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር የዘመተው የሥነ ምድር ተመራማሪ ዊሊያም ብላንፎርድ በጦርነት መካከል እንኳ ድንጋዩን ከነቦታው እየመዘገበ እንደነበር አነሡ። መጽሐፉ በ1870 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ በትግራይ ያለውን የአንጣሎን የኖራ ድንጋይ የሚያጠኑ ዛሬም ይጠቅሱታል።

ከዚያ ፊታቸው ፈታ አለ። በየወረዳው መምህር ለምትሆኑ አደራ አለኝ አሉ፦ ተማሪ ድንጋይ ይዞ ሲመጣ አትጣሉበት፤ ቀበሌውን፣ ገደሉንና ቀኑን በወረቀት ጽፋችሁ ከድንጋዩ ጋር አስቀምጡለት።